የኑረዲን ወገን

ደሴ፣ ሸዋ በር፤ የልብስ ሰፊው የጋሽ ይማም ሱቅ። ጋሽ ይማም የሟች ልጃቸውን የኑረዲንን ላፕቶፕ ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ዘሀራ ቻርጀሩን ይዛ ከፊታቸው ቆማለች።

ዘሀራ፦ ስጠኝ እንጂ አባ፣ አልበላውም!

ይማም፦ አልሰጥም አልኩሽ! ስልኩንም «ላሠራው» ብለሽ ወስደሽ፣ ድምፁን ሁሉ አስጠርገሽ ባዶ ቀፎ አመጣሽልኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ዘሀራ፦ ያኔ ለሰው ሰጥቼ ነው። አሁን ራሴ ነኝ የምሠራው። ፎቶውንም ቪዲዮውንም ትናንት ለሶላት ስትወጣ በፍላሽ ገልብጫለሁ።

ይማም፦ ተደብቀሽ?

ዘሀራ፦ ምን ላድርግ፣ ከእቅፍህ አታወርደው!

ይማም፦ እሺ፣ ምን ልታደርጊው ነው?

ዘሀራ፦ ዲስኩን ለሁለት እከፍለዋለሁ። በአንዱ ወገን የኑሬ ዊንዶውስ እንዳለ ይቀመጣል፤ በሌላው ሊኑክስ የሚባል ሌላ ማስነሻ ፕሮግራም እጭናለሁ። ኮሌጅ የሚያሠሩን በሱ ነው፣ ሰኞ ፈተና አለብኝ። ሲበራ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል።

ይማም፦ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ቤቱን ልትካፈዪው!

ዘሀራ፦ ልብሱን በእጅህ ሰደቃ ሰጥተህ የለ? ጫማውን እንኳ አላስቀረህም። ይሄ ምኑ ነው የባሰብህ?

ይማም፦ ልብስ ስሙን አይጠራማ! ይሄ ሲበራ «ኑረዲን» ይላል፣ ፎቶው ብቅ ይላል። አየት አድርጌው እዘጋዋለሁ።

ዘሀራ፦ የይለፍ ቃሉን ልንገርህ? ገብተህ ድምፁን ስማው።

ይማም፦ አልችለውም፣ ልጄ። ከበሩ ይበቃኛል።

ዘሀራ፦ አባ፣ አንተ አይደለህ እንዴ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የምትለን?

ይማም፦ ተከልኩ እኮ! ሁለት ተከልኩ፤ አንዱ ተሰበረብኝ።

ዘሀራ፦ ሌላውስ? ሌላው እኔ አይደለሁም? እሱ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን በልተሻል ወይ ብለኸኝ ታውቃለህ? እኔም ወንድሜ ነው የሞተብኝ!

ይማም፦ አላልኩሽም። ወላሂ፣ አላልኩሽም... በይ እንኪ። ቀስ ብለሽ ያዢው።

ዘሀራ፦ ቢስሚላህ በልልኝ።

ይማም፦ ቢስሚላህ። የሱን ወገን እንዳትነኪ፣ አደራ!

ዘሀራ፦ አልነካም። እንዲያውም ከጎኔ ቁጭ በልና እየው።

ይማም፦ አሁን «ተጭኖ አለቀ» አላልሽም? ምነው ስክሪኑ ጠቆረ? ምን ሆነ? ዘሀራ!

ዘሀራ፦ ጠፍቶ እየተነሳ ነው፣ አትደንግጥ። ይኸው፣ ሁለቱም ወጡ። ከላይ የኔ፣ ከታች የኑሬ።

ይማም፦ አልሀምዱሊላህ። የኑሬም አለ።

ዘሀራ፦ አንድ ነገር ቀረኝ። ማንም ካልመረጠ ትንሽ ጠብቆ አንዱን በራሱ ይከፍታል። የቱን ላድርገው? የኑሬን?

ይማም፦ ያንቺን ይክፈት። ኑሬ ከእንግዲህ አይቸኩል፤ እሱን እኔ በእጄ እመርጠዋለሁ።