እልል የተባለለት የስንብት ዕጣ

ነገሩን መጀመሪያ የነገረችኝ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጎረቤቴ አስካለ ናት። የምትሠራበት ብሎኬት ማምረቻ በክረምት ገበያው ስለሚቀዘቅዝ፣ ባለቤቱ አቶ ታዬ ከሴት ሠራተኞቹ ግማሾቹን ሊያባርር ነው። አይ፣ ልታረም፤ «ክረምቱን ያርፋሉ» ነው ያለው። አድልዎ እንዳይባል ዕጣ ይውጣ፣ ስሟ የወጣ ትሰናበት ተባለ፤ የውጭ ሰው ነው ተብዬ አውጪ ሆኜ የተጠራሁትም እኔ ነኝ።

እየከበደኝ የመጀመሪያውን ስም አነበብኩ፤ «አስካለ!» ሴቶቹ ሁሉ ዕቁብ የለመዱ ናቸውና ሳያስቡት እልልታውን አቀለጡት። አስካለም እልል እያለች ብድግ ካለች በኋላ ድርቅ ብላ ቀረች።

«ምነው፣ መሰናበት እንዲህ ያስደስታል እንዴ?» አላት አቶ ታዬ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

«ወይ ጉዴ! ዕቁብ መስሎኝ እኮ ነው!» አለች። ቀጥላም፣ «ግን አቶ ታዬ፣ ዕቁብስ ቢሆን ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ይቀራል? በየሳምንቱ እየተቀያየርን እንረፍ፤ ማንም አይባረር» አለችው።

«መስከረም ሲጠባ የለመደ እጅ ፍለጋ ከምዞርስ…» ብሎ አቶ ታዬ ተስማማ። ሁለተኛው እልልታ ከመጀመሪያው በለጠ።

ዛሬ ጠዋት አስካለ በዝናቡ ወደ ሥራ ስትወርድ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሳምንት የእኔ ነው!» ብላኝ አለፈች፤ እኔም ገብቼ ይህን ጻፍኩ።