ምርኩዝ ያልተተከለለት አዳራሽ

ደሴ፣ ሚያዝያ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ በጎቲክ አሠራር በተገነባ አዲስ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ፣ የድንጋይ ጣሪያውን ደግፎ በቆመው የእንጨት ርብራብ ሥር፣ ወጣቱ መሐንዲስ ናሆምና ሽማግሌው የግንበኞች አለቃ እንድሪስ።

ናሆም፦ ለመጨረሻ ጊዜ ልንገርህ። ከርብራቡ ሥር የገቡትን ሽብልቆች አስወልቅ፣ እሱንም አውርድ፣ ነገ ጠዋት ይህ ቤት ባዶ ሆኖ ላግኘው። አስጌጪዎቹ አበባቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

እንድሪስ፦ ይቁሙ። አበባ ቢወድቅ ሰው አይገድልም።

ናሆም፦ ትእዛዝ ነው የሰጠሁህ። ተረት አልጠየቅሁህም።

እንድሪስ፦ እኔም ተረት አላልኩ፣ ኢንጂነር። አላወልቅም ነው ያልኩት።

ናሆም፦ እሑድ የማን ሠርግ እንደሆነ ታውቃለህ?

እንድሪስ፦ የእርስዎ ነዋ። አዳራሹ የአማትዎ የአቶ ይመኑ፣ ንድፉ የእርስዎ፣ ሙሽራውም እርስዎ። የእኔ ድንጋዩ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ተው እያለኝ ነው።

ናሆም፦ ድንጋይ ያናግርሃል። ጥሩ። አምስት ዓመት ተምሬ ድንጋይ ከሚያናግር ሰው ጋር ልከራከር። ለመሆኑ ይህ የሕንፃ አሠራር ምን እንደሚባል ታውቃለህ?

እንድሪስ፦ ጎቲክ።

ናሆም፦ ከእኔ አፍ ለቅመህ ነው። ምን ማለት ነው?

እንድሪስ፦ ለአቶ ይመኑ ሲያስረዱ አጠገባችሁ ኖራ ሳቦካ ነበር። ጎት የሚባል ሕዝብ ነበር አሉ። ኋላ የመጡ ጣልያኖች እንዲህ ያለውን ሕንፃ አዩና፣ ይህማ የአረመኔ ሥራ ነው ሲሉ በዚያ ሕዝብ ስም ጠሩት። ለስድብ የወጣ ስም ነው። አቶ ይመኑ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የሚንቅ ሰው ስም ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ናሆም፦ ጆሮህ ደህና ይሠራል ማለት ነው። ጭንቅላትህን ደግሞ እንየው። ቅስቱ ለምን ሹል ሆነ?

እንድሪስ፦ ክብ ቅስት የተሸከመውን ወደ ጎን ይገፋል። አናቱን ሹል ሲያደርጉት ክብደቱ የበለጠ ወደ ታች ይወርድና ግፊያው ይቀንሳል። ይቀንሳል አልኩ እንጂ ይጠፋል አላልኩም።

ናሆም፦ ጣሪያው ላይ ያሉት ጎድኖችስ? ለውበት ይመስሉሃል?

እንድሪስ፦ እነዚህ እንደ ፍየል ጎድን ተሻግረው አናት ላይ የተገናኙት? ራሴ ነኝ አንድ በአንድ የጠረብኳቸው። ጣሪያውን ይሸከሙና ክብደቱን ለምሰሶዎቹ ያስረክባሉ። ግድግዳው ሸክም ስለሚቀልለት በሰፊው ይከፈታል። ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ክብ የጽጌረዳ መስኮትም፣ ባለቀለሙ መስታወትም የገባው በዚያ ነው። የጠየቁኝን መለስኩ። አሁን እኔ አንድ ልጠይቅ። ምሰሶው የተረከበው ግፊያ ከዚያ ወዴት ይሄዳል?

ናሆም፦ ወደ መሠረቱ።

እንድሪስ፦ ገሚሱ። የቀረውስ?

ናሆም፦ ጭራሽ አንተ እኔን ልትፈትን?

እንድሪስ፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። እርስዎ ተምረው ነው የጠመጠሙት፤ ስለዚህ አይከብድዎትም።

ናሆም፦ ወደ ውጭ ይገፋል። ከውጭ በሚቆሙ ደጋፊዎች ይያዛል። ይህን ለማወቅ ግንበኛ አያስፈልገኝም።

እንድሪስ፦ ደጋፊዎቹ የታሉ?

ናሆም፦ ንድፉ ላይ ነበሩ።

እንድሪስ፦ ንድፉን አይቼዋለሁ። ስድስት በቀኝ፣ ስድስት በግራ። ከግድግዳው ራቅ ብለው ቆመው፣ ክንዳቸውን በአየር ላይ በቅስት ዘርግተው፣ ጣሪያው የሚገፋበትን ቦታ ደግፈው የሚይዙ። እውነቴን ነው፣ ሳያቸው አክብሬዎት ነበር። መሠረታቸውን ልቆፍር ቀኑን ስቆርጥ አቶ ይመኑ መጡ። ይህ የሽማግሌ ምርኩዝ ምንድን ነው፣ መኪና የት ሊቆም ነው አሉ። እርስዎ አጠገባቸው ነበሩ። ምን ብለው መለሱ?

ናሆም፦ ግድግዳውን በአሥር ሳንቲ ሜትር አወፍረዋለሁ አልኩ።

እንድሪስ፦ እሱ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያሉት፣ እርስዎ እንዳሉ ይሁን ነው።

ናሆም፦ ስማ፣ አንተ የዕለት ሠራተኛ ነህ። ከባለቤቱ ጋር የተነጋገርኩትን ለአንተ አላወራርድም።

እንድሪስ፦ አያወራርዱ። ግን ከጣሪያው ጠርዝ የተደረደሩትን የድንጋይ አውሬዎች ይዩልኝ። አሥራ አራት ናቸው፣ ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል። የዝናቡን ውሃ ከግድግዳው አርቀው እንዲተፉ ነበር የታሰቡት። በአፋቸው የሚያልፈው ቱቦ ይቅር ተባለ። ያለፈው ሳምንት የበልግ ዝናብ ግድግዳው ውስጥ ሲሰርግ፣ እነሱ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩት ዋሉ። እናንተ ከጎቲክ ጌጡን ወሰዳችሁ፣ ሥራውን ጣላችሁ።

ናሆም፦ እንደ አንተ ያለውን አውቃለሁ። ሕይወቱን ሙሉ የአጥር ግንብ ሲክብ ኖሮ አንድ ትልቅ ሥራ ላይ ሲደርስ እግሩ ይርዳል። ፈርተሃል።

እንድሪስ፦ ፈርቻለሁ። እርስዎ አለመፍራትዎ ነው የገረመኝ። ትናንት የመካከለኞቹን ሽብልቆች አላላ ባሉኝ ጊዜ አላላሁ። ወዲያው በስተቀኝ ካለው ምሰሶ በላይ ስንጥቅ ወጣ።

ናሆም፦ ኖራ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን የማያውቅ ግንበኛ ዛሬ አየሁ።

እንድሪስ፦ እኔም እንደዚያ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ለማረጋገጥ ስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ ጂፕሰም ለጠፍኩ፣ ቀንና ሰዓት ጻፍኩበት። በድርቀት የወጣ ስንጥቅ ቢሆን ጂፕሰሙን ባልሰነጠቀው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሦስቱም ለሁለት ተከፍለው አገኘኋቸው። ሽብልቆቹን መልሼ አጠበቅሁ።

ናሆም፦ ሳታስፈቅደኝ?

እንድሪስ፦ ሳላስፈቅድዎት። የግድግዳ ማቅኛው ቱምቢ ይኸው፣ ገመዱም ከላይ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ታስሯል። እኔን አይመኑኝ። ይልቀቁትና ግድግዳው እግር ሲደርስ ከክንዱ ስንት እንደሚጎድል ራስዎ ይለኩ።

ናሆም፦ አምጣ። ይህን ጨዋታ እንጨርሰው። ... ነፋስ እያወዛወዘው ነው።

እንድሪስ፦ በሩ ዝግ ነው። ነፋስ የለም። ገመዱ እስኪረጋ ይጠብቁ።

ናሆም፦ ... ሁለት ጣት።

እንድሪስ፦ ሽብልቆቹ ሳይላሉ አንድ ጣት አይሞላም ነበር። ግድግዳው ወደ ውጭ ያዘነበለው በአንድ ሌሊት ነው።

ናሆም፦ ሁለት ጣት ምንም አይደለም። ሌሎች ሠራተኞች እጠራለሁ። ኮምቦልቻ ሞልተዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያወልቁታል፣ አንተም ቤትህ ሄደህ ድንጋይህን አናግር።

እንድሪስ፦ ይመጣሉ። አወልቁ ሲባሉ ያወልቃሉ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲያ ታዛዥ ነበርኩ።

ናሆም፦ የወጣትነት ታሪክህን ለመስማት ጊዜ የለኝም።

እንድሪስ፦ አጭር ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሙያውን ካስተማረኝ ከጋሽ ይማም ጋር አሮጌ የእህል መጋዘን እንጠግን ነበር፤ ጣሪያው የድንጋይ ቅስት። ከውጭ በኩል እንደ ሰው ትከሻ የወፈሩ ድጋፎች ነበሩት። አሠሪው ለአጥር ድንጋይ ፈለገና፣ እነዚህ ሥራ የላቸውም፣ አፍርሳቸው አለኝ። ጋሽ ይማም ተው አለኝ። እኔ የሚከፍለኝን ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ይማም ስንጥቁን ሊያይ ገባ። ከገባበት በእጃችን ቆፍረን አወጣነው። ሲቀበር ሚስቱ ማን እንዳፈረሰው አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ናሆም፦ ይህ ያ መጋዘን አይደለም። እኔ አስልቻለሁ።

እንድሪስ፦ ደጋፊዎቹ ከቀሩ በኋላ ደግመው አስልተዋል?

ናሆም፦ ይህ አንተን አይመለከትም።

እንድሪስ፦ አላሰሉም።

ናሆም፦ አራት መቶ ሰው ተጠርቷል። የክልሉ ሰዎች ሳይቀሩ ይመጣሉ። አቶ ይመኑ ለአገር ሁሉ፣ በአማቼ ንድፍ የተሠራ እያሉ ነው የጠሩት። አሁን ሄጄ አዳራሹ አይከፈትም ልበላቸው? እሳቸው ሰው ፊት ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? ይኸው ትምህርቱ፣ ለአንድ ጣሪያ እንኳ አልበቃም ነው የሚሉኝ። የእሳቸውን ንቀት አንተ አታውቀውም።

እንድሪስ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስቀምሰው የዋልኩት የማን መሰለህ? እሳቸው ለአንተ ሰጡህ፣ አንተ ለእኔ አቀበልከኝ።

ናሆም፦ ማንን ነው አንተ የምትለው?

እንድሪስ፦ አንተን። ኢንጂነሩን እርስዎ ስል ነበር የዋልኩት፤ እሱ አልመለሰልኝም። አሁን የማናግረው ሙሽራውን ነው። የአያትህ እኩያ ነኝ፣ ልጄ። ሙሽራህ ቤዛ ይህን ታውቃለች?

ናሆም፦ እሷን ተዋት።

እንድሪስ፦ ምርኩዙ ከሌለው ጣሪያ ሥር የምትቆመው እሷ ናት። እንዴት ነው የምተዋት?

ናሆም፦ ባለፈው ወር መጥታ ነበር። አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዛ፣ እዚህ ሥዕሉ ላይ ከውጭ የሚደግፉ ክንዶች አሉ፣ የእኛ የት ሄዱ አለችኝ።

እንድሪስ፦ ምን አልካት?

ናሆም፦ ጎቲክ አይገባሽም አልኳት።

እንድሪስ፦ አንድ የሚገባው ሰው ጠየቀህ፣ እሷንም ሰድበህ መለስካት። እኔ ግንበኛ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን ያንተን መልስ አምና ሄደች።

ናሆም፦ ቢይዝስ? እሑድን ብቻ። ለአንድ ቀን ቢይዝ።

እንድሪስ፦ ሊይዝ ይችላል። አልዋሽህም፣ የሚወድቅበትን ቀን አላውቅም። እሑድ ሊይዝ፣ የሰኞ ዝናብ ሊጥለው ይችላል። ወይም ደግሞ ሙሽሮቹ ገቡ ሲባል ሕዝቡ ሲነሣና ሲጨፍር፣ ያኔ። አራት መቶ ሰው ምሥጢርህን ሳያውቅ ሥሩ ይቀመጣል፤ አንተ ግን ቀና እያልክ ስንጥቁን ስታይ ትውላለህ። እንዲህ ያለ ሠርግ ይጣፍጣል?

ናሆም፦ ምን ላድርግ ታዲያ?

እንድሪስ፦ ርብራቡ ባለበት ይቁም። ምርኩዞቹን አሁንም መትከል ይቻላል፤ ሦስት ወር ይፈጃል፣ የመኪና ማቆሚያው ይጠብባል። ለእሑድ ከታች ሜዳው ላይ ድንኳን ይተከል፤ የአባትህም ሠርግ ድንኳን ውስጥ ነው የተሠረገው። ለአማትህ ደግሞ ሂድና ስህተቱ የእኔ ነው በል። የእሳቸውን አታንሳ። የቆረጡት እሳቸው ቢሆኑም የፈረምከው አንተ ነህ።

ናሆም፦ ይጮኻሉ።

እንድሪስ፦ ይጩኹ። ጩኸት ጎድን አይሰብርም።

ናሆም፦ ልጄን አልሰጥም ቢሉስ?

እንድሪስ፦ ልጅቷን ጠይቃት። ጥያቄ መጠየቅ የምታውቀው እሷ ናት።

ናሆም፦ አሁኑኑ እሄዳለሁ። እነግራቸዋለሁ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ፊታቸው ስቆም አፌ ይተሳሰራል። ምናልባት ማታ ተመልሼ መጥቼ፣ ይወልቅ እል ይሆናል።

እንድሪስ፦ ብትመጣ ምን ላድርግህ?

ናሆም፦ በሩን ይቆልፉት፣ ጋሽ እንድሪስ። ቁልፉን ለእኔም እንዳይሰጡኝ።