የባለ ሥጋ ቤቱ ጎመን

ሸኖ፣ ከሥጋ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል፣ የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ቀትር ላይ፤ ልቡን የታመመው ባለ ሥጋ ቤት አጥናፉ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ዘነቡ ያለ ጨው የተቀቀለ ጎመን በሳህን ይዛ አጠገቡ ናት።

አጥናፉ፦ አንዲት ጉርሻ ነው ያልኩሽ። ሙሉ በሬ አልጠየቅኩሽም።

ዘነቡ፦ በአንዲት ጉርሻ ጀምረህ ቁርጥ ላይ ተቀምጠህ የምታመሽበትን ዘመን አልረሳሁትም። ይልቅ አፍህን ክፈት፣ ጎመኑ ሳይቀዘቅዝ።

አጥናፉ፦ ቢቀዘቅዝ ምን ይቀርበታል? ሲሞቅም ጣዕም የለው።

ዘነቡ፦ ሎሚ ጨምቄበታለሁ። ነጭ ሽንኩርትም አለው።

አጥናፉ፦ ጨውስ?

ዘነቡ፦ ጨው ከዚህ ቤት ከወጣ ቆየ። እያወቅህ ትጠይቀኛለህ።

አጥናፉ፦ እስቲ ስሚ። ከግድግዳው ወዲያ የቢላዋው ድምፅ ይሰማሻል? ሠራተኛዬ ክንፈ በገዛ ሥጋ ቤቴ ለአላፊ አግዳሚው ቁርጥ ያቀርባል። ሾፌሩ ይበላል፣ ረዳቱ ይበላል፣ ሰሞኑን ከጾም የወጣ ሁሉ ይበላል። እኔ ባለቤቱ ግን የፍየል ቀለብ ይቀርብልኛል።

ዘነቡ፦ ፍየል ልቧን ታማ አይተህ ታውቃለህ?

አጥናፉ፦ የት ጊዜ ኖሯት ትታመማለች? ሳትታመም ነዋ የማርዳት። ዕድሜ ልኩን ከሣር በቀር ያልቀመሰ ስንት በሬ በእጄ አለፈ። ቅጠል ማንን አዳነ?

ዘነቡ፦ መምህር ጌጡን። ደረቱን ሲወጋው ሐኪም ቤት ሄደ፤ ቅቤውንና ጮማውን ተው፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ካሮቱን ብላ አሉት። እሺ አለ። ክኒኑንም አልተወም። ይኸው ዛሬ የሚካኤልን ዳገት ሳያርፍ ይወጣል።

አጥናፉ፦ መምህር ጌጡ ገና ሲወጋው ነው የሄደው። እኔ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ካለኝ በኋላ ነው የሄድኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። የእኔና የአንቺ ጎመንም እንደዚያው ነው።

ዘነቡ፦ ያኔ ብትሰማኝ ኖሮ። ላብ ላብ ሲልህ፣ ደረጃው ሲያደክምህ ስንቴ ነገርኩህ? በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

አጥናፉ፦ እኔ እንኳ ሣሩን አይቼም አላውቅ፤ ያየሁት በሬውን ነው።

ዘነቡ፦ ቀልድ። መቼም አፍህ አይታመም።

አጥናፉ፦ ደግሞስ እኔ አልጾምኩም? ከልጅነቴ ጀምሮ ረቡዕ ዓርቡን፣ ሁዳዴውን፣ ፍልሰታውን ገድፌ አላውቅም። ከዓመቱ ግማሹን ጎመንና ሽሮ ስበላ ነው የኖርኩት። አትክልት ልብ የሚጠግን ቢሆን የእኔ ልብ ገና ጎረምሳ ነበር።

ዘነቡ፦ ያንተን ጾም ልንገርህ? ሽሮው ዘይት ላይ ይዋኛል፣ ድንቹ ይጠበሳል፣ ጨዉ በእፍኝ ነው። ከዚያ ለፋሲካ ዶሮ ሲጮህ ጀምረህ የሁለት ወሩን ዕዳ በአንድ ሳምንት ትከፍላለህ። ሐኪሙ ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ምግቡማ መልካም ነበር፣ አበሳሰላችሁና የጾም አፈታታችሁ ጎዳው አለኝ።

አጥናፉ፦ አለሽ? መቼ አለሽ?

ዘነቡ፦ ያን ዕለት ነዋ።

አጥናፉ፦ እኔን አስወጥቶ አንቺን ያስቀረሽ ዕለት?

ዘነቡ፦ አዎ። ስለ ምግብህ ነበር። ስለ ጨው።

አጥናፉ፦ ስለ ጨው ለመናገር ያን ያህል? እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ጨዉን ከአፍዴራ አስጭነው ነው መሰል የሚመጡት ብያለሁ።

ዘነቡ፦ ስለ ክኒንህም ነገረኝ። ሰዓቱን እንዳላሳልፍ።

አጥናፉ፦ ስትወጪ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር።

ዘነቡ፦ ጉንፋን ይዞኝ እንደነበር ረሳኸው?

አጥናፉ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። የእኔን በሽታ ግን የደበቅሽው አንቺ ነሽ። እንግዲህ መድኃኒቱን ማን ይፈልግልኝ?

ዘነቡ፦ ብላ፣ አጥናፉ። ይኼን ሁለት ማንኪያ ብቻ።

አጥናፉ፦ ጠዋትም ሁለት ማንኪያ ብቻ ብለሽኝ ነበር። ከዚያ ባቄላ፣ ከዚያ ቀይ ሥር፣ ከዚያ ተልባ። ሆዴ የአትክልት ተራ ሆነ።

ዘነቡ፦ ምን ላድርግልህ ታዲያ? አንተ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮህ ስትነሣ ትራስ ከመደራረብ በቀር የምችለው የለም። ልብህን እጄ አይደርስበትም። ሆድህን ግን ይደርስበታል። ለልብ ጥሩ ነው የተባለውን ሁሉ ለቅሜ አመጣሁ። ለልብ የሚሆን ቅጠል ትሸጣለች ያሉኝን ሴትዮ እንኳ ሄጄ አየኋት፤ ከክኒኑ ጋር ይጣላ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከዚህ ሌላ ምን አለኝ? ጎመን መቀቀል ነው የቀረኝ፣ እሱንም ብትመልስብኝ ምን ይዤ እቀመጣለሁ?

አጥናፉ፦ አታልቅሺ። እበላለሁ። ይኸው በላሁ።

ዘነቡ፦ አላለቀስኩም።

አጥናፉ፦ ሎሚው ጥሩ ነው።

ዘነቡ፦ ተው፣ አትዋሸኝ።

አጥናፉ፦ እውነት ልንገርሽ? ጎመኑን ጠልቼው አይደለም። ሐኪሙም እንደሚጠቅም ነግሮኛል፣ አልክድም። እብጠቴ ጎደል ብሎ የነበረው ጨዉን ካስተውሽኝ በኋላ ነው፣ እሱንም አልክድም። ግን ያለፈው እሑድ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ሊለን ሲመጣ ጾሙን በምን ፈታህ ይለኛል። ምን ልበል? ሁዳዴን በጎመን ጾሜ በጎመን ፈታሁ። ለሰው ሁሉ ትንሣኤ ሆኗል። ለእኔ ገና ሕማማት ነው።

ዘነቡ፦ አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር አትናገር።

አጥናፉ፦ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሥጋ ቤት ውስጥ የተኛሁ ሰው ነኝ። ሽታው በበሩ ሥር ይገባል። ክንፈ አሁን ሽንጥ እየቆረጠ ነው፣ ከድምፁ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ የኖርኩበት ነው፣ ዘነቡ። በሬውን ሳርድ፣ የመጀመሪያውን ቆራጭ እኔ ሳልቀምስ ለደንበኛ ቀርቦ አያውቅም። ባለቤቱ ያልቀመሰውን ማን ይገዛል? አሁን ያለ እኔ ይቀመሳል። እዚህ ተኝቼ ከሥጋ ቤቱ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ዘነቡ፦ ይህን ያህል ነው የናፈቀህ?

አጥናፉ፦ ይህን ያህል ነው።

ዘነቡ፦ ቀይ ቀዩን ብቻ ቢሆን እንኳ?

አጥናፉ፦ ቀይ ቀዩን። ጮማ ያልነካው። ለምላሴ ብቻ።

ዘነቡ፦ ቆይ እንግዲህ።

አጥናፉ፦ የት ትሄጃለሽ? ዘነቡ? ስቀልድ ነው እኮ። አንቺ ሴትዮ፣ እንደ ልማድሽ ተቆጥተሽኝ ታልፊዋለሽ ብዬ ነው። ዘነቡ!

ዘነቡ፦ መጣሁ። ይኸው፣ ከሽንጡ ነው። ቢላዋህንም አምጥቼልሃለሁ፣ በገዛ ቢላዋህ እንድትበላ ብዬ።

አጥናፉ፦ ይኼ ነጩ ምንድን ነው?

ዘነቡ፦ ሻኛ ነው። ትንሽ። ትወዳለህ አይደል?

አጥናፉ፦ ቀይ ቀዩን ብቻ ብለሽኝ ነበር።

ዘነቡ፦ አንዴ ከመጣ ምን እለያየዋለሁ ብዬ ነው። ሚጥሚጣም አለ፣ አዋዜም።

አጥናፉ፦ ጨውስ?

ዘነቡ፦ አዋዜው ጨው አለው።

አጥናፉ፦ ለክንፈ ምን አልሽው?

ዘነቡ፦ ለአጥናፉ ነው፣ ለስለስ ያለውን ምረጥልኝ አልኩት።

አጥናፉ፦ ምን መለሰልሽ?

ዘነቡ፦ ቢላዋውን ጠረገና ቆረጠልኝ።

አጥናፉ፦ መዘነው?

ዘነቡ፦ ለአንተ ምን ይመዝነዋል? ሳይመዝን ነው የሰጠኝ። ፊቱን አዙሮ ነው የሰጠኝ። ብላ እንጂ፣ ለምን ታየዋለህ?

አጥናፉ፦ ያን ማን እንዳስተማረው ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ። ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ለበሽተኛ ነው፣ ለስለስ ያለውን ስጠኝ ይላሉ። ባሏ ሥጋ ከተከለከለ ቆይቷል፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለችዋን አትመዝንባት ብዬዋለሁ ክንፈን። ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ሐኪሙ ተስፋ ሲቆርጥ ነው የሚፈቀድለት፣ ያ ሰው ለሚመጣው ፋሲካ አይደርስም አልኩት።

ዘነቡ፦ አጥናፉ፣ እኔ ስለጓጓህ አሳዝነኸኝ ነው። ሌላ ነገር የለበትም።

አጥናፉ፦ አሁን አትዋሺ። አትችዪበትም።

ዘነቡ፦ እሺ። ምን ልበልህ? ምግቡ ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት፣ ትንፋሹን ያቀልለት ይሆናል አለኝ። ልቡን ግን አይመልሰውም አለኝ። በጣም ደክሟል፣ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ አለኝ። ይህን ለአንተ በየትኛው አፌ እነግርሃለሁ? የሰማሁ ጊዜ እኔም አላመንኩም፣ አንድ ሳህን ጎመን ብጨምር ሐኪሙን አሳፍረዋለሁ አልኩ። ይኸው ሞከርኩ። ብከለክልህ ታዝናለህ። ብሰጥህ አወቅህብኝ። ቸገረኝ፣ የኔ ጌታ። በሁለቱም በኩል ቸገረኝ።

አጥናፉ፦ እኔ እኮ የምለምንሽ እምቢ እንድትይኝ ነው። ሰው የሚከለከለው ነገ ሲታሰብለት ነው። አንቺ በተቆጣሽኝ ቁጥር፣ ገና ብዙ ታስቢልኛለሽ ማለት ነው እያልኩ በዚያ ነው የምተኛው።

ዘነቡ፦ አሁን ታዲያ ምን ላድርገው ሥጋውን?

አጥናፉ፦ ውሰጂና ለክንፈ መልሺለት። ይመዝነውና ለደንበኛ ይሽጠው። ስትመለሺ እኔ ደግሜ እለምንሻለሁ፤ አንቺ ግን አደራሽን እምቢ በይኝ።