ነጭ ጀለቢያና የብብት ቅባት

የመርሳ ከተማው ልብስ ሰፊ ጋሽ ኡበይደላ በዚያ ጠዋት የወልድያውን ሚኒባስ የተሳፈሩት ጨርቅ ሊገዙ ነው። ጨርቅ መርሳ ጠፍቶ አይደለም። ሃያ ዓመት ጨርቅ ያቀረቡላቸውን ወዳጃቸውን አቶ አያሌውን «ነጩ ጨርቅህ ብብቱ ላይ ቢጫ ያወጣል፤ አታለልከኝ» ብለው ገበያተኛ ፊት ካዋረዷቸው ወዲህ ሰላምታ እንኳ ስለተቋረጠ ነው። በእጃቸው ሥራ የሚኮሩ ሰው ናቸው። ኩራታቸው ግን ወዳጅ አሳጣቸው፤ በወዳጃቸው ሱቅ ባለፉ ቁጥር ፊት ማዞሩም ሰልችቷቸዋል።

አጠገባቸው የተቀመጠችው የጎረቤታቸው ልጅ ሀስና ነበረች። ኬሚስትሪ ተምራ ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ላቦራቶሪ ትሠራለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ፤ እንዴት አደሩ?»

«ወዓለይኩም ሰላም የኔ ልጅ፤ አልሐምዱሊላህ።» መስኮቱን ሊከፍቱ ክንዳቸውን ሲያነሱ በለበሱት ነጭ ጀለቢያ ብብት ላይ ያለውን ቢጫ ማየቷን አወቁ። «እዪው፣ የአያሌው ጨርቅ ጉድ።»

«ካልተቆጡኝ ልጠይቅዎት፤ ጀርባውስ ቢጫ አውጥቷል?»

«ጀርባውማ ወተት ነው።»

«ከአንድ ጣቃ አይደል የቆረጡት? ጀርባዎም እኮ ያልበዋል።»

አርባ ዓመት መቀስ ይዘው ይህን አለማሰባቸው ቆረቆራቸው። «ታዲያ ምኑ ነው ትያለሽ?»

«ብብትዎን ምን ይቀባሉ?»

«ልጄ ከጅዳ የሚልክልኝን ዲዮድራንት ነዋ። ለጁምዓማ ሳይደርቅ ደርቤ ነው የምቀባው።»

«እሱ ላብ የሚያግድ ዓይነት ነው። ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ከላብ ጋር ሲገናኝ ነጭ ልብስ ቢጫ ያደርጋል።»

«ልጄ በበረሃ ፀሐይ እየነደደ የላከልኝን ልጣል? ብሸትስ? ሶላት ላይ ከጎኔ የሚቆመው ሰው ምን በደለ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ሀስናም አላቃለለችውም።

«ላብ ብቻውን አይሸትም ጋሼ። የሚሸተው ቆዳ ላይ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሲሠሩበት ነው። በሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁ፣ ከዚያ ይቺን በስሱ ይቀቡ።» ከቦርሳዋ ትንሽ ጣሳ አወጣች። «ከእናቴ ጋር የሠራነው ነው። ከግራና የመጣ የማር ሰም፣ የኮኮናት ዘይት፣ የበቆሎ ስታርችና ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ አለው። ከለበለበዎት ይተዉት።»

«ላቡን ያቆመዋል?»

«አያቆመውም። ያልብዎታል፤ የሚጠፋው ሽታው ነው። ሙቀት ሲበረታ ቀን ላይም ይደግሙታል።»

«ያኛው በሽታ ያመጣል ሲሉ እሰማለሁ።»

«በቂ ማስረጃ አላየሁም፤ በማላውቀው አላስፈራራዎትም። እኔ የማውቀው ጀለቢያዎን ያበላሸውን ነው።»

የረታቸው ይህ መልስ ነው። ውሸታም ብትሆን ኖሮ እዚህ ላይ ታጋንን ነበር።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው» አሉ። ሀስና ሲሪንቃ ስትወርድ እሳቸውም ወረዱና መንገዱን ተሻግረው ወደ መርሳ የሚመለስ መኪና ያዙ።

የአቶ አያሌው ሱቅ ገበያተኛ ሞልቶት ነበር። ጋሽ ኡበይደላ እንደዚያን ዕለቱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የወቀስኩህ ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታዬንም ሰው ፊት ስማኝ። ጨርቅህ ንጹሕ ነው። ያበላሸው እኔ የተቀባሁት ነው።»

አቶ አያሌው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው አቀፏቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ኡበይደላ በሀስና ቅባት ጸኑ። ብብታቸውን ያሳክካቸው የነበረው ቀረ፤ አዲሱ ጀለቢያቸውም ቢጫ አላወጣም። ለልጃቸው ደውለው «የላክኸውን አክብሬ ተጠቅሜበታለሁ፤ ከእንግዲህ ገንዘብህን ለራስህ ያዝ» አሉት። ጀለቢያ ላሰፋ ደንበኛ ሁሉ መታጠቡን፣ ማድረቁንና ቅባቱን መከሩ። እናትና ልጅም ጣሳ በጣሳ መሸጥ ጀመሩ።

በዒድ ጠዋት ሰጋጁ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲመለስ ሰግደው ቀድመው የተመለሱት ጋሽ ኡበይደላ ከወዳጃቸው ጋር በአቶ አያሌው ሱቅ በር ላይ ቆመው አዩት።

«ጨርቁ የኔ ነው» አሉ አቶ አያሌው።

«ስፌቱ የኔ» አሉ ጋሽ ኡበይደላ፤ ከዚያም ከእናቷ ጋር የምትመጣውን ሀስናን በአገጫቸው አመለከቱ። «ንጣቱን ግን ለሷ ስጥልኝ።»