ለኢሕሳን እውነቱን መንገር

አያ ጀብሪል ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍረው፣ የምግብ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በልባቸው ውሸት ያሰናዱ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሶስና፣ እናቷን ጠይቃ የምትመለስ የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ አጋጣሚ ማለት ይሄ ነው። ምን እንዳስጨነቃቸው ብትጠይቃቸው ሳይሸሽጉ አጫወቷት።

የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው ኢሕሳን እግሯ ተሰብሮ፣ ወጌሻ ቢያሸውም ተጣሞ ገጠመ። ወልድያ ሆስፒታል ያስገቧት “ለኢድ ቀሚስ እንምረጥልሽ” ብለው አታለው ነው። እሳቸውም እንቅልፍ ሲወስዳት ጠብቀው ሹልክ አሉ። ልጅቷ ነቅታ ብታጣቸው የጉሉኮሱን መርፌ ነቅላ ጣለች፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ብትለምናትም ምግብም መድኃኒትም እምቢ አለች። ሐኪሙም በዚህ ከቀጠለች የነገው ቀዶ ሕክምና ይቀራል ብሏል። አያ ጀብሪል ታዲያ “ነገ ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሱሽ” ሊሏት ቆርጠዋል።

“ልጅ እኮ ናት። እኛስ እየተሸነገልን አይደል ያደግን?” አሉ።

“አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ኢሕሳንን ያስፈራት መርፌው ብቻ አይደለም። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣባት፣ አንቱም መቼ እንደሚጠፉባት አታውቅም።”

“ብነግራት ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ?”

“ትፍራ፤ ግን አብረዋት ሆነው ትፍራ። የሚያመውን ያማል ይበሏት። ሲወጡም ተሰናብተዋት፣ የሚመለሱበትን ነግረዋት ይውጡ።”

ለአያ ጀብሪል በዚህ ዕድሜ ከልጅ እግር ምክር መቀበል እንዲህ ቀላል መሰላችሁ? ግን ኢሕሳን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛችው ትዝ ሲላቸው ያሰናዱትን ውሸት ተዉት።

ሆስፒታል እንደደረሱ ኢሕሳን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

“ዋሽቼሻለሁ፣ አፉ በይኝ” አሏት።

ነገ እግሯ እንደሚቀደድ፣ ያን ጊዜ በማደንዘዣ ተኝታ እንደማይሰማት፣ ስትነቃ ግን እንደሚያማት ነገሯት። አለቀሰች፤ ደረታቸው ላይ ተለጥፋ ብዙ አለቀሰች።

“ስነቃ ይኖራሉ?” አለች በመጨረሻ።

“ከበሩ ንቅንቅ አልልም።”

ራቷን በላች፣ መድኃኒቷንም ዋጠች። በማግስቱ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቆ ዓይኗን ስትገልጥ እጃቸውን ፈለገች።

“አመመኝ፣ አባ። እንዳሉኝ ነው።”

አያ ጀብሪል “አልሐምዱሊላህ” ብለው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢሕሳን መርፌ ሲመጣ “ያማል?” ብላ ትጠይቃለች፣ ይነግሯታል፣ ጥርሷን ነክሳ ክንዷን ትሰጣለች።

ዛሬ መርሳ ውስጥ ልጁን ሐኪም ቤት የሚወስድ ሰው ሁሉ ከአያ ጀብሪል ምክር አያመልጥም፦ ወዴት እንደምትወስደው ንገረው፣ የሚያመውን አትደብቀው፣ ተደብቀህ አትጥፋበት ይሉታል። የሶስና ስም ሲነሳማ እጃቸውን ለዱዓ ይዘረጋሉ።

“እግሯን ያቃናላት ሐኪሙ ነው፣ አላህ ይስጠው። እኔን ግን ከልጄ ያስታረቀችኝ እሷ ናት።”