ከማዶው ዣንጥላ የመጣ ስልክ

ሲም ካርድ ሻጭ ነበርኩ፣ ያውም ማንም የማይፈልገውን። ድርጅታችን በትልልቆቹ ተበልጦ ሊዘጋ ሲደርስ አለቃችን «መጀመሪያ ቤተሰባችሁን አስገቡ» አለን። እኔም ከአንጋጫ ወጣ ብላ ባለች መንደር ለምትኖረው እናቴ የድሮ ሲሟን አውጥቼ የኛን አስገባሁላት።

አንድ የገበያ ቀን አንጋጫ ላይ ዣንጥላዬን ዘርግቼ በማይክ «ኔትወርካችን የትም ይሰራል!» እያልኩ እጮሃለሁ። የራሴ ስልክ ኪሴ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ የለውም። ከመንገዱ ማዶ የተፎካካሪያችንን ሲም የምትሸጠው ልጅ ስልኳን ይዛ ተሻገረች። ደንበኛ ስንሻማ ተኮራርፈን ሰላምታ እንኳ አልነበረንም።

«ማይኩን አጥፋውማ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አጎትህ ናቸው። ሲም የገዙት ከኔ ስለሆነ ቁጥሬ አላቸው።»

ተቀበልኳት። «አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና» አለኝ አጎቴ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የሚባለው። «እማዬስ ለምን አልደወለችልኝም?» ስለው «ብቻ ቶሎ ና» ብሎ ዘጋው።

ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። እናቴ ስልኩን እንደጨበጠች ተቀምጣለች።

«አባትህ ስምህን ሲጠራ ልደውልልህ ብዬ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱ ላይ ወጣሁ» አለችኝ። «ስመለስ አልደረስኩበትም።»

አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ጎረቤቶች ይሄን አውጥተን የድሮውን እንመልስልሽ ሲሉኝ ነበር። የልጄ እንጀራ ነው ብዬ እምቢ አልኳቸው።»