አምስት መስኮት፣ ሁለት አምባር

አቡ ዘይዳን የሚስታቸውን ሁለት አምባሮች ወርቅ ቤት አስመዝነው፣ መልሰው በመሐረብ ቋጥረው የሰልጥ ከተማን ደረጃ ሽቅብ ተያይዘውታል። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ጉልበታቸው እሺ አይልም። ዛሬ ደግሞ ከጉልበታቸው ይልቅ መሐረቡ ከብዷቸዋል። ሚስታቸው ኡም ዘይዳን ብርድ በመጣ ቁጥር በሳል የሚሰቃዩት በበሰበሱት መስኮቶች በሚገባው ነፋስ ነው። ሐኪሙ ዘንድሮ ቁርጡን ተናግሯል፤ መስኮቶቹ ይቀየሩ። ለዚህ የሚሸጥ ነገር ደግሞ ከአምባሮቹ በቀር በቤቱ የለም።

መታጠፊያው ላይ የጎረቤታቸው ልጅ ሪሃም፣ የሂሳብ አስተማሪዋ፣ የተማሪዎቿን ደብተር ታቅፋ ስትወርድ ተገናኙ።

«አጎቴ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ? ኡም ዘይዳን ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ደህና ናት፤ አምባሯን ልሸጥባት ነው እንጂ። የመስኮቱን ሥራ ለአሉሚኒየም ሠራተኛው ለሱሄይል ሰጠሁት። አምስቱንም በስድስት መቶ ዲናር።»

«ስድስት መቶው ምን ምን ይጨምራል?»

«ምን ይጨምራል ትላለች እንዴ! መስኮት ነዋ!» አሉና ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ ወረቀት አሳዩዋት። «አምስት መስኮት፣ 600» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

«ቤት መጥቶ ለክቷል?»

«የአባቱ ቤት ያህል ያውቀዋል፤ ምን ያስለካዋል?»

«ሌላ ሰውስ ጠየቁ?»

«የታችኛው መንገድ ሰውዬ ሰባት መቶ ሃያ ብሎ ክንድ የሚያህል ዝርዝር ሰጠኝ፤ ይኸውልሽ። ዝርዝር የሚያበዛ ሰው አያምረኝም።»

ሪሃም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዝርዝሩን ተቀበለች። «አይቆጡኝ አጎቴ። እዚህ ላይ አሮጌውን መንቀያ አለ፣ የግድግዳው ልስን አለ፣ መስታወቱም ድርብ ነው። የሱሄይል ስድስት መቶ እነዚህን ካልያዘ ርካሽ ነው ማለት አንችልም። እኔም አምና ለእናቴ ርካሹን መረጥኩ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ። መንቀያው ለብቻ፣ ልስኑ ለብቻ እየተባለ ደሞዜ አለቀ።»

«የሟች ጓደኛዬን ልጅ እንደ ሌባ ልመርምረው? ደግሞስ የቀዳልኝን ቡና ጠጥቻለሁ፤ ቡናው ከተጠጣ ውሉ ታስሯል፣ አልቋል።»

«ልጅዎን ዘይዳንን ሊድሩ ሲሄዱ የሙሽሪት አባት እሺ እስኪል ስኒውን ነክተዋል?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ታዲያ ለሚስትዎ ደረት ሲሆን ምነው ቸኮሉ?»

አቡ ዘይዳን ዝርዝሩን መልሰው ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። እውነቱን ለመናገር እንደ እሳቸው ያለ ሰው ብዙ ነው። ደግ ስለሆነ አይጠይቅም፤ ባለመጠየቁ ይጎዳል፤ ከተጎዳ በኋላ ደግሞ ያንኑ ወዳጁን ያኮርፋል። ጠይቆ ቢሆን ገንዘቡም ወዳጁም በእጁ ይቀሩ ነበር።

በማግስቱ ሱቁ ሲሄዱ ሱሄይል በአሉሚኒየም ብናኝ የነጣ እጁን ታጥቦ ቡና ቀዳላቸው። አቡ ዘይዳን ስኒውን ተቀብለው ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጎልማሳው ደነገጠ።

«አጎቴ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጥያቄ አለኝ። መንቀያው፣ ልስኑ፣ ድርብ መስታወቱ፣ ሁሉም በስድስት መቶው ውስጥ አሉ?»

ሱሄይል አንገቱን አከከ። «የሉም። መስታወቱም ነጠላ ነው። ሁሉም ሲገባ ስምንት መቶ ይደርሳል። ያኔውኑ ልነግርዎ ነበር፤ ገንዘብ ሲጠይቀኝ አያፍርም እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

«እኔም ብጠይቅህ አላመነኝም ትላለህ ብዬ ፈራሁ» አሉ አቡ ዘይዳን፤ ሁለቱም ሳቁ። ያ ሁሉ ይሉኝታ የሚከፈለው ከኡም ዘይዳን ክንድ ላይ ነበር።

«የታችኛው ሰውዬ ይህን ሁሉ በሰባት መቶ ሃያ ይሠራል» አሉ ቀጥለው፣ ዝርዝሩን እየዘረጉለት።

ሱሄይል አነበበና ሜትሩን አነሳ። «እንሂድ። መጀመሪያ መለካት ነበረብኝ።»

ቤት ደርሶ አምስቱንም በጣቱ እየጫነ፣ እየከፈተ እየዘጋ መረመረ። ለካስ የበሰበሱት በሰሜን በኩል ያሉት የመኝታ ቤቱ ሁለት መስኮቶች ብቻ ናቸው። በግቢው በኩል ያሉት ሦስቱ እንጨታቸው ጤነኛ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ላስቲክና ትንሽ ጥገና ነው። በንጹሕ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ለሁለቱ፣ ድርብ መስታወት፣ መንቀያና ልስን ጨምሮ፣ ሁለት መቶ ዘጠና፤ ለሦስቱ ጥገና ሠላሳ። አቡ ዘይዳን ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡ። አንድ አምባር ሦስት መቶ ሃምሳ ያወጣል፤ ሌላው ይተርፋል።

ተመልሰው ሱቁ ሄዱና የቀዘቀዘውን ቡና በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

ቤቱን የሚያድስ ሰው ይህን ልብ ይበል። አስቀድሞ ያስለካ፣ ዋጋው ምን ምን እንደያዘ ያስጻፈ፣ ሁለት ሰውን ስለ አንድ ዓይነት ሥራ የጠየቀ፣ ሐቀኛውንም ሠራተኛ ከሐሜት ያድናል።

ብርዱ መጣ። ሰሜኑ ነፋስ ሳምንት ሙሉ መስታወቱን ሲደበድብ ሰነበተ፤ ምድጃውም እንደ አምናው ጋዝ አልፈጀም። አንድ ጧት ኡም ዘይዳን ሻይ ሲቀዱ አቡ ዘይዳን አንድ አምባር ብቻ የቀረበትን የሚስታቸውን ክንድ አዩ።

«ሁለት ሳሉ ስትንቀሳቀሺ ይንሿሹ ነበር። አሁን ብቻዋን ዝም አለች።»

«ተወኝ እባክህ» አሉ ኡም ዘይዳን፣ ስኳሩን እየጨመሩላቸው፤ «ሳሉም አብሯት ዝም ብሏል።»